ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ባቡር

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ሐበሾች፣ የቤታችሁ ቆሻሻ በባቡር እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ቀልድ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት ዊተን፣ የምናወጣውን ቆሻሻ መኪና ይሰበስበውና ደርውድ የሚባል ቦታ ያለው ማሰባሰቢያ ይወስደዋል፣ እዛ ተጠቅጥቆ ኮንቴነር ውስጥ ይገባል፣ ኮንቴነሩ ፉርጎ ላይ ይጫናል፣ ከዛ ባቡሩ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎትቶ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ዲከርሰን ያለው ማቃጠያ ያደርሰዋል። ማቃጠያው ስራ የጀመረው በ1995 ነው (አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እዚሁ ልገላገለው)። ከእሳቱ መብራት ይመነጫል፣ አመዱ ደግሞ መልሶ በባቡር ይወጣል።

እኔ እቺን ባቡር ለማየት ጌይዘርስበርግ ድረስ እነዳለሁ። አዎ፣ ቆሻሻ የጫነ ባቡር ለማየት። ጓደኞቼ ይሄን ሲሰሙ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ዝም ይላሉ፣ ከዛ አንዱ "አንተ ሰው፣ በሰላም ነው?" ይላል። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሁሉም ማኪያቶ ሲያዝ እኔ ስልኬ ላይ የባቡር ፎቶ ሳሳይ ፊታቸውን ማየት ነበረባችሁ። አንዷ ጓደኛችን እንደውም "ቢያንስ ሰው የሚጭነውን አታይም?" ብላኛለች። ሰው የሚጭነውንም አያለሁ፣ ግን እሱ ምንም አይነግረኝም። ሰው ጠዋት ስራ ይሄዳል ማታ ይመለሳል፣ አለቀ። እቃ ግን ታሪክ አለው፣ ከየት መጣ፣ ማን አዘዘው፣ ባዶው ፉርጎ የት ይሄዳል፣ ይሄ ነው እኔን የሚያስቀምጠኝ።

የምንኖርበት ቦታ ለዚህ አመል የተመቸ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሜትሮው ፕላትፎርም ላይ የቆመ ሰው ልብ ካለው፣ የሬድ ላይን ሃዲድ መሃል ላይ ነው፣ ግራና ቀኙ ደግሞ ሌላ ሃዲድ አለ፣ እሱ የሲኤስኤክስ ነው፣ የጭነት መስመር። በስልካችን ተጠምደን ቆመን ስንት ጊዜ ከኋላችን አንድ ሙሉ ሰፈር የሚያክል ብረት እየተንጎማለለ ያልፋል። መስመሩ ሜትሮፖሊታን ብራንች ይባላል፣ የተከፈተው በ1873 ነው፣ የሰራው ቢ ኤንድ ኦ፣ ማለትም የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ድርጅት ነው፣ እሱ ደግሞ የተመሰረተው በ1827። አድዋ ሳይታሰብ፣ አፄ ምኒልክ ሳይወለዱ ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሆነው ከባቡሩ በኋላ ነው። ይሄ ነገር ለድሬ ልጅ አዲስ አይደለም፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

የጭነት ባቡር ሁሉ አንድ አይደለም። ረጅሙ አለ፣ ከምዕራብ ከከምበርላንድ በኩል የሚመጣው፣ ኮንቴነር ወይ መኪና ወይ የድንጋይ ከሰል የጫነ፣ ሁለት ሶስት ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው፣ ሲያልፍ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ። ፎቶ አንሺው በሙሉ እሱን ነው የሚያሳድደው። ደግሞ ሎካል የሚባለው አለ፣ ትንሹ፣ ብዙ ጊዜ አንድ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ጥቂት ፉርጎ ይዞ ቀስ እያለ የሚሄደው፣ እዚህ አንድ ፉርጎ ጥሎ እዛ ሁለት አንስቶ፣ እንጨት መሸጫው ጋ ገብቶ፣ ሲሚንቶ ማከማቻው ጋ ወጥቶ። ቆሻሻዋም የዚህ ዘመድ ናት፣ ከካውንቲው ሳትወጣ ደርሳ የምትመለስ። የኔ ሰው ሎካሉ ነው። ረጅሙ ባቡር የትም አይቆምም፣ ላንተ ሰፈር ምኑም አይደለም፣ ሰፈርህም ለሱ ምኑም አይደለም። ሎካሉ ግን ሰፈሩ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጥል ያውቃል።

ጌይዘርስበርግ በ1884 የተሰራ ጣቢያ አለ፣ ጡብ ነው፣ አሁን ግማሹ ሙዚየም ሆኗል፣ ሃዲዱ አፍንጫው ስር ነው የሚያልፈው። እዛ የሚታጠፍ ወንበር ይዘው የሚመጡ ጡረተኛ ሽማግሌዎች አሉ፣ አብዛኞቹ ነጮች፣ ኮፍያቸው ላይ የሞቱ የባቡር ድርጅቶች አርማ የተሰፋ። መጀመሪያ ሲያዩኝ ጣቢያ የጠፋብኝ መስሏቸው "የዲሲው ባቡር በዛኛው በኩል ነው" ብለው አቅጣጫ ሊያሳዩኝ ሞክረው ነበር። አሁን ቡና በቴርሞስ አመጣላቸዋለሁ፣ እነሱ ደግሞ ያስተምሩኛል።

ያስተማሩኝ የመጀመሪያ ነገር ጆሮ ነው። መንገድ የሚያቋርጥ ባቡር ጡሩምባውን የሚነፋው እንደመጣለት አይደለም፣ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም ነው፣ ህግ ነው። ከዛ ሬዲዮ። ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ይዘው የባቡሮቹን ወሬ ያዳምጣሉ፣ ሃዲዱ ዳር ደግሞ በየርቀቱ የተተከለ ማሽን አለ፣ ባቡሩ ሲያልፍበት የጋለ ጎማ ወይ የሚጎተት ነገር ካለ ይፈትሽና በቅጂ የሰው ድምፅ ለነጂው ይናገራል፣ "ኖ ዲፌክትስ" ካለ በኋላ ስንት አክስል (የጎማ ጥንድ) እንደቆጠረ ይጠራል። ሽማግሌዎቹ ያን ቁጥር ሲሰሙ የሎኮሞቲቮቹን አክስል ይቀንሱና ለአራት ያካፍሉታል (አንድ ፉርጎ አራት ነው ያለው)፣ ባቡሩ ገና ሳይታይ ስንት ፉርጎ እንደያዘ ያውቁታል። እኔ ለዚህ ሒሳብ ካልኩሌተር አወጣ ነበር፣ የ80 አመት ሰውዬ በጭንቅላቱ ቀድሞኝ ይስቅብኛል።

ቀጥሎ ማንበብ ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ ጎኑ ላይ ከአራት ያልበለጠ ፊደል፣ ከዛም ቁጥር ተፅፎበታል። ፊደሉ በኤክስ ካለቀ ባለቤቱ የባቡር ድርጅት አይደለም፣ አከራይ ኩባንያ ወይ ፋብሪካ ነው። ነዳጅና ኬሚካል የሚጭኑት ክብ ታንከሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በኤክስ ነው የሚያልቁት። ይቺን ካወቃችሁ በኋላ ባቡር ሲያልፍ ዝም ብሎ ብረት አይደለም፣ የካናዳ እንጨት ከነፕላስቲክ መጠቅለያው፣ ውስጡ የፕላስቲክ ፍሬ ያለበት ሆዳም ፉርጎ፣ ቁርጥራጭ ብረት የጫነ ክፍት፣ ሁሉም ባለቤት አለው፣ ሁሉም የሚጠብቀው ሰው አለ። አብዛኞቻችን እዚህ ሃገር ስንገባ የሰራነው ስራ እኮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማንሳት ነው፣ ካርቶኑ ከየት እንደመጣ ግን ማን ነገረን?

አንድ ቀን ሎካሉ መስመር ዳር ያለ የግንባታ እቃ መጋዘን ፉርጎ ሲያስገባ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ (ከአጥሩ ውጪ ነው የምላችሁ፣ የድርጅቱ መሬት ላይ እግራችሁን እንዳታሳርፉ፣ ወንጀልም ነው ሞትም ነው)። ባቡሩ ማዞሪያውን (ሃዲዱን ወደ መጋዘኑ ቅርንጫፍ የሚያዞረውን) አልፎ ቆመ። ኮንዳክተሩ ወረደ፣ ጎልማሳ ጥቁር ሰውዬ፣ ጓንቱ ዘይት የጠጣ፣ ሬዲዮው ደረቱ ላይ። ማዞሪያው ላይ ያለውን ቁልፍ ከፈተ፣ ከባዱን እጀታ ጎንበስ ብሎ በወገቡ ገፋው፣ ከዛ ዝም ብሎ አልሄደም፣ ጎንበስ ብሎ ሃዲዱ ጫፍና ጫፉ በደንብ መግጠሙን አየ። የመጨረሻው ፉርጎ መሰላል ላይ ተንጠለጠለና በሬዲዮ ነጂውን ወደኋላ ይጠራው ጀመር። ነጂው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ምንም አይታየውም፣ የሚያየው በዚህ ሰውዬ አፍ ነው። "ስሪ ካርስ" አለ፣ ሶስት የፉርጎ ርዝመት ቀረህ ማለቱ ነው። "ቱ።" ፍጥነቱ ቀነሰ። "ዋን። ሃፍ።" ከዛ እንደ ጨዋ እንግዳ ቀስ ብሎ ገብቶ ቆመ። ሰውየው ወርዶ ፉርጎው ጎን ላይ ያለችውን የእጅ ፍሬን ጎማ እየጎተተ አጠበቃት፣ ከወንበሩ ሊነሳ እንደሚፈልግ ሰው ፉርጎውን በእጁ መታ መታ አድርጎት (ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም ያደርጉታል) የአየር ቱቦውን አላቀቀው፣ ጢስስስ አለ፣ ሄደ። አንድ ፉርጎ እንጨት ለማስገባት ረጅም የምሳ ሰአት ፈጀባቸው። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

እኔ ግን እዛ ቆሜ አጎቴን ነው ያየሁት።

አጎቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ፉርጎ ሲያቆላልፍ ነው ያረጀው። ድሬ ራሷ ባቡሩ የወለዳት ከተማ ናት፣ ይሄን እኛ የድሬ ልጆች በኩራት እንናገራለን፣ ትክክልም ነን። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሃንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነው፣ ስራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897፣ ሃሳቡ ሐረር መግባት ነበር፣ ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም፣ ስለዚህ ከስር ከቆላው ዞረና በ1902 ምንም ያልነበረበት ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ሜዳው ድሬዳዋ ሆነ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ፈጀ። በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ በሃዲዶቹ መሃል ልክ አንድ ሜትር።

አሁን ሳስበው ያ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሎካል ነበር። ሽንሌ ይቆማል፣ አዲጋላ ይቆማል፣ አይሻ ይቆማል፣ ደወሌ ይቆማል። በወዲህ በኩል ደግሞ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ። ከሐረር የመጣ ቡና ይጭናል፣ ከጅቡቲ ጨው ያመጣል፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ጋ፣ ጨርቃ ጨርቁ ጋ ፉርጎ ይጥላል። ከላይ ከላይ ደግሞ የምታውቁት ነው፣ ፍየል፣ ወተት በቆርቆሮ፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸው ስር ደራርበው የለበሱት የኮንትሮባንድ ጨርቅ፣ ፈታሽ ሲመጣ የሚጠፋ ሻንጣ። ሰው ይሄን ሲያወራ እንደ ትርምስ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን ስራው እንደዛ ነው ባይ ነኝ። ባቡሩ ቆሞ ነበር ሰው የሚያበላው። አንድ ጣቢያ ላይ ግማሽ ሰአት ከቆመ ግማሽ ሰአት ሙሉ ገበያ ነው።

ከዛ አረጀ። ሃዲዱም ሎኮሞቲቩም አለቀ፣ የአዲስ አበባና የድሬ አገልግሎት በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ቆመ። አዲሱ በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ስራ ጀመረ፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሃዲዱ ሰፊ፣ 1,435 ሚሊ ሜትር፣ እንደ አሜሪካው ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ያስፈልገናል፣ ወደብ የሌለው ሃገር ኮንቴነሩን ከጅቡቲ በፍጥነት ማውጣት አለበት፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሰሩት፣ ባቡሩም የታሸገ ኮንቴነር ይዞ ረጅም ሆኖ የሚያልፍ ነው። ሐገር ስሄድ አንዴ አዲሱን ሃዲድ ዳር መኪና አስቁሜ አይቼዋለሁ፣ አምሮበታል፣ ፈጣን ነው፣ ካለፈ በኋላ ምን እንደጫነ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

እዚህም አሜሪካ ሎካሉ እየሳሳ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቤተስዳ ከዛ ወንዙን ይዞ ጆርጅታውን የሚወርድ ጆርጅታውን ብራንች የሚባል ቅርንጫፍ መስመር ነበር፣ በ1910 የተጠናቀቀ። መጨረሻ ላይ ዋናው ደንበኛው ጆርጅታውን ያለው የመንግስት ህንፃዎች ማሞቂያ ነበር፣ ለሱ የድንጋይ ከሰል ያደርስ ነበር፣ እሱም በ1985 ቆመ። አሁን መንገዱ ካፒታል ክሬሰንት ትሬይል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሻው ጭምር የሚሮጥበት፣ ከፊሉ ላይ ደግሞ ፐርፕል ላይን የሚባለው የከተማ ባቡር ሲሰራበት የቆየው። እዛ ላይ የምትሮጡ ሰዎች፣ ዳገቱ ለምን እንደዛ ለስላሳ እንደሆነ ገርሟችሁ ካወቀ፣ ለእግራችሁ ታስቦ አይደለም፣ ከሰል ለሚጎትት ባቡር ነው። የዲከርሰን የከሰል መብራት ማመንጫም በ2020 ከሰሉን አቆመ፣ ለአየሩ ደግ ነው፣ የከሰሉ ባቡርም አብሮ ቀረ። ትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች ደግሞ ባለፉት አመታት ባቡሩን እያረዘሙ ሰራተኛውን እያሳነሱ ነው የመጡት፣ አንድ ፉርጎ የሚያዝ ትንሽ ነጋዴ ለነሱ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ አሁን እዩ።

ወደ ትንሹ ባቡር የገባሁት በዚህ በኩል ነው። መደርደሪያ ላይ የሚሄደውን ማለቴ ነው፣ ሞዴሉን። አዎ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ልጆችም አሉኝ፣ የነሱ አይደለም የኔ ነው፣ እንዳይነኩት።

ይሄ ሆቢ እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ስለሆነ በአጭሩ ነው የማልፈው። በጣም የተለመደው መጠን ኤችኦ ይባላል፣ እውነተኛው 87 ጊዜ ተቀንሶ፣ የሃዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር። ከሱ የሚያንሰው ኤን የሚባለው 160 ጊዜ ተቀንሶ ነው፣ ለአፓርታማ ይመቻል ይላሉ፣ ለኔ አይን ግን አልሆነም። ዋጋው ያማል፣ ድምፅ ያለው አንድ ደህና ሎኮሞቲቭ ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ባለቤቴ ይሄን አንቀፅ ካነበበች በቅናሽ ነው የገዛሁት።

መጀመሪያ የፈለግኩት ድሬን መስራት ነበር። ሂሳቡን ስሰራው አንድ ሜትር ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለዚህ የሚሆን የ12 ሚሊ ሜትር ሃዲድ ደግሞ አለ፣ ቤሞ የሚባል የጀርመን ድርጅት የስዊስ ተራራ ባቡሮችን በዚህ መጠን ይሰራል፣ የስዊሶቹም ሃዲድ አንድ ሜትር ነውና። ኢልግ ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ግን የድሬን ሎኮሞቲቭ ከባዶ መስራት አለብኝ፣ እሱ ደግሞ የእድሜ ልክ ስራ ነው፣ ስለዚህ ሱቅ ያለውን የአሜሪካውን ገዛሁ።

እዚህ ሆቢ ውስጥ ፉርጎው ላይ ያለውን ቡሎን የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፣ የቀለሙ አመት ካልገጠመ የሚታመሙ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን ከነሱ አይደለሁም። ሌሎች ደግሞ ተራራ፣ ፏፏቴ፣ ትንንሽ ቤቶች ከነመጋረጃቸው ሰርተው ባቡሩ መሃሉ ላይ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ቆንጆ ነው፣ አስር ደቂቃ። ክብ የሚዞር ባቡር የሚሄድበት የለውም እኮ! ስራ የለውም። እኔ ስራ ያለው ባቡር ነው የፈለግኩት፣ ያ ኮንዳክተር ያደረገውን የሚያደርግ።

አለን ራይት የሚባል እንግሊዛዊ ለዚህ መልስ ሰርቶለታል፣ ኢንግልኑክ ይባላል። ሶስት ሃዲድ ብቻ ነው፣ አንደኛው 5 ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሶስት ሶስት፣ መውጫው ላይ ደግሞ ሎኮሞቲቭና 3 ፉርጎ የሚበቃ ቦታ። በጠቅላላው 8 ፉርጎ አለህ። ከ8ቱ 5ቱን በእጣ ታወጣለህ፣ በእጣው ቅደም ተከተል ረጅሙ ሃዲድ ላይ ደርድረህ ባቡር ሰርተህ ማስወጣት ነው፣ ፉርጎ በእጅ ማንሳት የለም። ቀላል ይመስላል፣ ጠረጴዛ ላይ በክብሪት ቀፎ ሞክሩት። የሚወጡት የተለያዩ ባቡሮች 6,720 ናቸው፣ ስለዚህ አይሰለችም። እና ይሄ ሁሉ ሁለት ሜትር የማይሞላ መደርደሪያ ላይ፣ ከሶፋው በላይ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ስእል ዝቅ ብሎ።

መሬቱን በምን እንደሰራሁት ልንገራችሁ፣ በቡና። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ የሚቀረውን አተላ በኦቨን አደርቀዋለሁ፣ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ከዛ ነጭ ሙጫ በውሃ አቅጥኜ እሱ ላይ መበተን ነው። ሲደርቅ ቁጭ የባቡር ግቢ አፈር ነው፣ ዘይት የጠጣ፣ ጥቁር ቡኒ። ፈረንጆቹም ይሄን ያደርጋሉ፣ ግን የኛ ቡና ከጀበና ስለሆነ አተላው ደቃቅ ነው፣ ይሻላል። ፉርጎ ለማላቀቅ ደግሞ ጥብስ የሚሰካበትን ቀጭን የቀርከሃ እንጨት በሁለቱ መቆላለፊያዎች መሃል አስገብቶ ሽክርክር ማድረግ ነው፣ ስቲኪኒ ያጥራል።

እጣ የማወጣባቸውን ካርዶች ግን ድሬ አደረግኳቸው። ፉርጎው ላይ የካናዳ ባቡር ስም አለ፣ ካርዱ ላይ ግን "ቡና፣ ወደ ጅቡቲ" ይላል። "ሲሚንቶ፣ ወደ ሚኤሶ።" "ባዶ፣ ወደ ኤረር፣ ብርቱካን ሊጭን።" "ጨው፣ ከጅቡቲ።" ጥቁሩ ታንከር "ነዳጅ"። ቡሎን ቆጣሪዎቹ ቢያዩኝ ይሰቅሉኛል።

ቪዲዮ ቀርጬ ለአጎቴ በዋትስአፕ ላክሁለት። አጎቴ ስለ ምድር ባቡር ማውራት ካቆመ ቆይቷል፣ ብትጠይቁት "አለቀ እኮ፣ ምን ይወራል" ነው መልሱ። ሁለት ቀን ዝም አለኝ፣ ከዛ በሃገር ቤት ሌሊት፣ በኛ ገና ማታ፣ ደወለ።

"አንተ ልጅ፣ ነዳጁን ከራሱ አጠገብ ማን አስቀመጠው?" አለኝ። ሰላምታ የለ ምን የለ። ራስ የሚለው ሎኮሞቲቩን ነው።

"በእጣ ነው የወጣው ጋሼ" አልኩት።

"ምን እጣ ታወራለህ አቦ! ነዳጅ የጫነ ከራሱ ጋር አይታሰርም፣ መሃል ሌላ ፉርጎ ታስገባለህ። ብልጭታ ቢመጣስ? ነጂው ሰው አይደለም?"

ፈተሽኩት፣ አሜሪካም ህጉ ይሄው ነው፣ አደገኛ ነገር የጫነ ታንከር ባቡሩ በቂ ርዝመት ካለው ከሎኮሞቲቩ ስድስተኛ ቦታ በፊት አይገባም፣ አጭር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሌላ ፉርጎ መሃል መግባት አለበት። የኔ ባቡር 5 ፉርጎ ስለሆነ ሁለተኛው ነው የሚመለከተኝ። ለአጎቴ ይሄን ስነግረው አልገረመውም፣ እሱ እንደውም የፈለገው ሌላ ነበር። ቪዲዮውን ሲያየው ፉርጎዎቹ ሲጋጩ የሚሰማው ድምፅ አልጣመውም፣ "ታጋጫለህ፣ አትቆጥርም" አለኝ። እነሱ በፈረንሳይኛ ነበር የሚቆጥሩት፣ የምድር ባቡሩ ስራ በሙሉ በፈረንሳይኛ ስለነበር፣ ቀን በእጅ ምልክት ማታ በፋኖስ፣ አፋቸው ደግሞ "ትሯ… ዱ… ኧን…" ይላል። በስልክ ቪዲዮውን ክፈት አለኝና እኔ ኮንትሮሉን ይዤ፣ እሱ ከድሬ ሆኖ እየቆጠረ፣ የጨው ፉርጎውን አስገባን። ኔትወርኩ ስለሚዘገይ "ኧን" ሲል እኔ ገጭ አድርጌዋለሁ፣ ስለዚህ አንድ ፉርጎ ቀደም ብሎ መቁጠር ጀመረ፣ ከዛ ተስተካከለ።

አሁን ጨዋታው ላይ የአጎቴ ህግ ገብቷል። ነዳጁ ከራሱ ቀጥሎ ከወጣ እጣው ውድቅ ነው፣ ከ6,720ዎቹ ውስጥ 840ው ወደቁ ማለት ነው፣ 5,880 ቀሩ። ቅዳሜ ማታ ማታ ይደውላል፣ መጀመሪያ ካርዶቹን አንብብልኝ ይላል፣ ባለፈው ደግሞ የኤረሩ ባዶ ፉርጎ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መታሰር አለበት ብሎ ሌላ ህግ ሊጨምር ሞክሮ ነበር፣ ምክንያቱን ሲነግረኝ ግን ኤረር ላይ ፉርጎ ለመጣል ቀላል እንዲሆንላቸው ነው፣ የኔ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ኤረር የለም። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ብጨምር ትኖራለች። ባለቤቴ ጋ ድርድር ላይ ነን፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ግራ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ይበቃል።